በጉም ውስጥ አቤት አይባልም

«ኑሪያ!»

ትሕትና ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። መልስ የለም። ጉሙ ከቆላው ገደል ተነሥቶ ሜዳውን ከሸፈነ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ እሷ ግን የገዛ ጫማዋን በቅጡ ማየት ተስኗታል። ቅድም ኑሪያ ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀድማት፣ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ በስልኳ እየተከተለች ፎቶ ስታነሣ ነበር። አሁን ጭላዳውም የለም፣ ኑሪያም የለች።

«ኑሪያ! እኔ ነኝ! የት ነሽ?»

አሁንም ዝም። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም።

ኑሪያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እዚሁ አገር ተወልዳ፣ በሁለት ዓመቷ በማደጎ ሄዳ ስፔን ያደገች፤ መልኳ የኛው፣ አፏ የነሱ። ለሁለት ወር አማርኛ ልትማር መጥታ መሐል ሜዳ ከተማ እነትሕትና ቤት ተቀምጣለች። ማታ ማታ አብረው ዕቃ ሲያጥቡ ጨዋታ አላቸው። አንዷ በስፓኒሽ «ኡኖ» ስትል ሌላዋ «ዶስ» ትላለች፤ እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ሃያ ይቆጥራሉ፤ የተሳሳተች ድስት ትፈገፍጋለች። እስካሁን የቤቱን ድስት ሁሉ የፈገፈገችው ትሕትና ናት።

የትሕትና እናት ብርነሽ ቅዳሜን ጓሳ፣ ከከተማው ውጭ ባለው የሣር ሜዳ፣ ውለው እንዲመለሱ የፈቀደችው በአንድ ነገር ተማምና ነው። ወንድሟ ወሰኔ እዚያው አካባቢ ይኖራል፤ ከመኪና ሲወርዱ ተቀብሎ አገሩን ያሳያቸዋል። ትሕትናም «ደውዬለታለሁ፣ ይጠብቀናል» አለቻት። አልደወለችም። ኑሪያ ፊት «ጓሳን እንደ ቤታችን ጓሮ ነው የማውቀው» እያለች ስትካበድ ሰንብታ፣ አጎቷ መጥቶ «ይህቺ? ረግጣውም አታውቅ» ብሎ ሙድ እንዳይዝባት ፈራች። እውነትም ረግጣው አታውቅም። ጓሳን የምታውቀው በመኪና መስኮት ነው። እናቷ በር ላይ ስትሸኛቸው «የሰው አደራ ናት» ብላ ሁለት ጊዜ ነገረቻት፤ ትሕትና ሁለቱንም ጊዜ «እሺ» አለች።

«ኑሪያ! ኧረ ስሚኝ!»

ስሟን ለስንተኛ ጊዜ እንደጠራች ሳታውቅ፣ ጠዋት መኪና ውስጥ ያወራችው ትዝ አላት። በመስኮቱ ጉም ከሩቅ ታይቷቸው፣ ልታስፈራራት ብላ የተናገረችው ነው።

«በጉም ውስጥ ስምሽ ሲጠራ አቤት እንዳትዪ» ብላት ነበር። «ጋኔን ነው። የሰው ድምፅ አስመስሎ ይጠራል። አቤት ያለ ሰው ተከትሎት ይሄድና በዚያው ይቀራል።»

ኑሪያ አልሳቀችም። ደብተሯን አውጥታ፣ እንደ ማንኛውም ትምህርት፣ ጻፈችው።

«የአንቺ ድምፅ ከሆነስ?» ብላ ጠየቀቻት።

«የእኔም ቢሆን።»

ትሕትና አሁን ገባት። ኑሪያ ሳትሰማት ቀርታ አይደለም። እየሰማቻት ነው ዝም ያለችው። ምናልባትም በተጣራች ቁጥር ከድምፅዋ እየሸሸች ነው። ከዚያ ወዲያ ስሟን ለመጥራት አፏ አልታዘዝ አላት።

የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ፈራችው። በዚህ አገር «የሰው ያለህ» ብሎ መጮኽ ቀልድ አይደለም። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ደግሞ ይጠይቃል፤ የማን ልጅ ነሽ፣ ከማን ጋር መጣሽ፣ ማን ላከሽ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ መሐል ሜዳ ይገባል። ጉሙ አሁን ይገፈፍ ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች።

በስተግራ በኩል ድንጋይ ተንከባለለ። አንዴ ነጠረ፣ ደገመ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መሬት ሲያርፍ አልተሰማም።

«የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። «ኧረ የሰው ያለህ! የሰው ያለህ!»

ተከልሎ የሚከርመው ጓሳ ለሣር አጨዳ የተከፈተበት ሰሞን መሆኑ በጃት። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የሴት ድምፅ መጣ፤ «ባለሽበት ቁሚ! እንዳትነቃነቂ!» ቀጥሎ የድምፁ ባለቤት ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ማጭድ ይዘዋል፣ የሣር መጫኛ ገመዳቸው ትከሻቸው ላይ ተጠቅልሏል። እትዬ ሸዋአለም ይባላሉ። ከኋላቸው ሁለት አጫጆች እየሮጡ ደረሱ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«ጓደኛዬ ጠፋችብኝ። ጭላዳ እየተከተለች ነበር፣ ጉሙ ሲመጣ ጭላዳዎቹ ሸሹ፣ እሷም...»

እትዬ ሸዋአለም ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ጭላዳ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸን የሚነግራችሁ ሰው አልነበረም? ከማን ጋር መጣችሁ?»

አጎቴ ወደዚያ ሄዷል ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«ከማንም ጋር» አለች። «እኔ ነኝ ብቻዬን ያመጣኋት። ስሟን ብንጠራ ደግሞ አትመልስም። በጉም የሚጠራ ጋኔን ነው ብዬ ነግሬያታለሁ።»

አንደኛው አጫጅ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እትዬ ሸዋአለም ግን ትክ ብለው አዩዋት።

«ጋኔኗስ አንቺ ነሽ» አሉ። «በይ አሁን ስሟን ተዪው። ጋኔን የማያውቀው፣ በሁለታችሁ መካከል ብቻ ያለ ነገር የለም? እሱን ተናገሪ።»

ትሕትና አፏን በእጆቿ ከልላ ጮኸች።

«ኡኖ!»

ሁሉም ዝም ብለው አዳመጡ። ምንም።

«ኡኖ!» ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረ። እንባዋ እየወረደ ነበር።

«...ዶስ።»

ከታች ነው የመጣው፤ ከግራ፣ ድንጋዩ ከተንከባለለበት በኩል።

«ትሬስ!»

«ኳትሮ።»

እትዬ ሸዋአለም ክንዷን ጨብጠው ያዟት። «ከጠርዙ በታች ናት። ወደ ድምፅሽ ልምጣ ካለች አለቀላት። ቁጭ እንድትል ንገሪያት።»

«ኑሪያ፣ ቁጭ በይ! እንዳትነሺ!»

«ቁጭ ብያለሁ» አለች ኑሪያ ቃል በቃል እየፈለገች። «ሣር ይዣለሁ። ከእግሬ በታች... ምንም የለም።»

መጫኛውን ከአጫጆቹ መጫኛ ጋር ቀጠሉት። እትዬ ሸዋአለም አንዱን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ አጫጆቹ ሌላውን ይዘው እግራቸውን አንፈራጥጠው ቆሙ። «አንቺ ብቻ አታቋርጪ፣ ድምፅዋን ተከትዬ ነው የምወርደው» ብለዋት ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ትሕትና ቆጠረች። እሷ ስትጮኽ ኑሪያ ከታች ትቀበላለች። አሥርን አለፉ። አሥራ ሁለት ላይ ገመዱ ተወጠረ፣ አንደኛው አጫጅ ተንገዳገደ፣ ትሕትናም ሳታስበው ገመዱን አብራ ያዘች። አሥራ አምስት ላይ ቃሉ ጠፋትና ያገኘችውን ጮኸች።

ከታች መልስ የለም።

«ተሳሳትሽ» አለ ድምፁ፣ ከቅድሙ ቀርቦ።

ኑሪያ እጇን ለእትዬ ሸዋአለም ሰጥታ ወጣች። መዳፏን ሣሩ ቆራርጦታል። ትሕትና ልታቅፋት ሄዳ መሐል ላይ ቆመች፤ መብት ያላት አልመሰላትም።

«ቀልዴን ነበር» አለች።

«እኔ ግን አመንኩሽ» አለች ኑሪያ። ክፋት የለበትም አነጋገሯ፤ አማርኛዋ ገና ለክፋት አልደረሰም። ትሕትና ከዚያ በፊት እንዲህ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም።

እትዬ ሸዋአለም አጨዳቸውን ትተው እስከ መኪናው መንገድ ሸኟቸው። አስፋልቱ ዳር ኔትወርክ አለ፤ እንደተቀመጡ የትሕትና ስልክ ጠራ። እናቷ ናት።

«ደህና ናችሁ? ጉም ወርዷል ሲሉኝ ልቤ ተንጠልጥሎ ዋለ። ወሰኔ አብሯችሁ ባይሆን ምን ይውጠኝ ነበር። እስቲ ስጪው ላመስግነው።»

ትሕትና ኑሪያን አየቻት። ኑሪያ ከስልኩ የሚወጣውን ሁሉ ሰምታለች። ጠጠር የገባበትን ጫማዋን እያራገፈች፣ መንገዱ ባዶ መሆኑን በዓይኗ አሳየቻት፤ ሄዷል በያት ማለቷ ነው። ኑሪያ ውሸቷን ልትደብቅላት ነው። እትዬ ሸዋአለም ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው መጫኛቸውን ይጠቀልላሉ።

«አለሽ?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ ሁለታችንም ደህና ነን» አለች ትሕትና። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። «አጎቴ ግን የለም። አልደወልኩለትም።»