የቀለም ቀቢው ልብ

«ኧረ በፈጣሪ! በዚህ ጠዋት?»

ነርሷ ይህን ያለችው በሆዷ አልነበረም፤ ጮክ ብላ ነው። ሰውየው የሆስፒታሉን ኮሪደር ግድግዳ እየዳበሰ፣ አንዱን እግሩን አስቀምጦ ለሌላው ማረፊያ እየፈለገ መጣና፣ እሷ ታቅፋ የያዘችው የፋይል ክምር ላይ ተደገፈ። ፋይሎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሰውየውም ተከተላቸው።

«ጠጥተው ሆስፒታል ይመጣሉ? ያውም በሦስት ሰዓት!»

ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያት። ጫማው ላይ የነጭ ቀለም ጠብታ ደርቋል። ዓይኖቹ ግን የጠጣ ሰው ዓይኖች አልነበሩም። የደከሙ፣ ያፈሩ ዓይኖች ነበሩ።

«ሲስተር፣» አለ ረጋ ብሎ፣ «እኔ በሕይወቴ ከሻይ የጠነከረ ነገር ቀምሼ አላውቅም። እሱንም ስኳር አበዛበታለሁ።»

ከኋላው አጭር እናቱ የቀጠሮ ወረቀት ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

«ልጄ፣ አትቆጪብኝ። ለምርምሩ ነው የመጣው። ለሚወድቁት ሰዎች...»

ነርሷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች! ለሚወድቁት ሰዎች የተባለው ምርምር የራሷ ሥራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በድንገት ዞሮበት ሲወድቅ ጥፋቱ ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ከልብ አመታት፣ ከአንጎል፣ ወይም ሚዛናችንን ከሚጠብቀው ከውስጠኛው ጆሮ። ችግሩ ደግሞ በሦስቱም በሽተኛው የሚናገረው አንድ መሆኑ ነው። «ዞረብኝ፤ ከዚያ በኋላ አላስታውስም» ይላል፣ አለቀ። የልብ ሐኪሟ፣ ፀጉራቸው የሸበተና ንግግራቸው የተቆጠበ ሴት፣ ይህን ለመለየት ሁለት መቶ የሚወድቁ ሰዎችን ሰብስበው ያጠናሉ። ነርሷ ሰዎቹን ትቀበላለች፣ ከክፍል ክፍል ትወስዳለች፣ የሚሉትን ሁሉ ትጽፋለች።

ሰውየው ቀለም ቀቢ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት መሰላል ላይ ኖሯል። ባለፈው ዓመት ግን ከመሰላሉ ሁለተኛ እርከን ወደቀ። ከዚያ ከወንበር። ከዚያ ቆሞ በነበረበት። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ሰፈሩ «መጠጥ ጀምሯል» አለ፤ አሠሪው አመነ፤ ሊያገባት የነበረችውም አመነችና ቀለበቱን በእናቱ እጅ መለሰችለት። ይህን ሁሉ ለነርሷ የነገራት ስትጠይቀው ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ፣ በአጭሩ።

የመጀመሪያው ምርመራ የጆሮ ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ታስቀምጠውና፣ ዓይኑን የሚቀርጽ መነጽር ታደርግለታለች። ወንበሩ ሲዞር ሰውየው እንዳያንቀላፋ ማስወራት አለባት።

«የሚያውቋቸውን ቀለሞች ይጥሩልኝ።»

«ስንቱን?»

«እስኪያልቁ።»

«አያልቁም እኮ ሲስተር። ወንበሩ ቀድሞ ይደክመዋል።» ከዚያ ጀመረ። «ዝናብ ያረገዘ ደመና። የከሰል አመድ። ያልበሰለ ብርቱካን። ጡብ፤ ጡብ ሁለት ዓይነት ነው፣ ደረቅና እርጥብ። የጥርስ ነጭ፤ እሱን ለሆቴል አልመክርም...»

ነርሷ በጨለማው ውስጥ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«ሳቁ ልበል?»

«ምርመራ ላይ ነን።»

«የኮሪደራችሁ ግድግዳ ግን ምን በድሎ ነው እንዲያ የተቀባው? እውነቴን ነው፣ ያዞረኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም!»

በዚያን ቀን ማታ እራት ላይ ብቻዋን ፈገግ ስትል እናቷ አዩዋት። «ምነው?» አሏት። «ምንም» አለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ስትል የኖረች ናት። እናቷ «ምንም» የሚለውን መልስ እንደ ዳቦ በየቀኑ በልተውታል። የዛሬው ግን ለየት አለባቸው።

ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። ጆሮው ትንሽ አጠራጣሪ ሆነና የሚዛን መልመጃ ታዘዘለት። የአንጎሉ ሞገድ በሽቦ በተሞላ ቆብ ተለካ። ቆቡን ስታደርግለት እናቱ «ንጉሥ መሰልክ» አሉ፤ እሱ ደግሞ «አዎ፣ ወንበሩ ላይ መቆየት የማይችል ንጉሥ» አለ። ለነርሷ ሁልጊዜ «እርስዎ» ይላል፤ እሷም እንዲሁ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ይላል። እሷም የማትፈልገውን እስክሪብቶ ትፈልጋለች።

አንድ ሐሙስ መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ለሦስተኛ ጊዜ ስታስተካክል ራሷን ታዘበች። የቀጠሮውን ዝርዝር ሳታይ የእሱ ቀን መሆኑን አውቃለች። የበሽተኛን ቃል የሚጽፍ እጅ ማዳላት የለበትም። ደንቡም ግልጽ ነው።

ሐኪሟ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ የአንድ ሰው ፋይል ለሌላ ነርስ ይስጡልኝ።»

«ምን አደረገሽ?»

«እሱ ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ...»

ሐኪሟ መነጽራቸውን አወለቁ። ትክ ብለው አዩዋትና «ቀለም ቀቢው» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ልጄ፣ እኔ የልብ ሐኪም ነኝ።» ከዚያ ፊታቸው ጠበቅ አለ። «በመምጣትሽ ደግ አደረግሽ። ጥናቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ለእሱም ለአንቺም ሲባል።»

አልተነፈሰችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ኮሪደር ላይ ሲያገኛት ፊቱ በራ። እሷ ግን ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ «ደህና ዋሉ» ብላ አለፈች።

አዲሱ ነርስ ሁለት ሳምንት ደረቱ ላይ ተለጥፎ የሚቆይ የልብ ምት መቅረጫ አደረገለት፤ በዞረበት ቁጥር ሰዓቱን የሚጽፍበት ደብተርም ሰጠው።

«ሲስተር ፈቃድ ላይ ናቸው?» ሲል ጠየቀ።

«አይደለም። ፋይልዎን ራሷ ናት የመለሰችው።»

«ራሷ?»

«ራሷ።»

ሰውየው የሰፈሩን ወሬ እሷም አምና ይሆናል ብሎ አሰበ። ወይም ደግሞ አዝናልኝ ነበር፣ ሐዘኗ አለቀ። ቀለበቱ ሲመለስለት ያመመው ቦታ እንደገና አመመው።

በዘጠነኛው ቀን እናቱ መቅረጫውንና ደብተሩን በፌስታል ይዘው ብቻቸውን መጡ። «ልጄ ከዚህ በኋላ አይመጣም። ላደረጋችሁለት ሁሉ አመሰግናለሁ ብሏል» አሉ፣ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ቀረጻዎች የሚነበቡት በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በማግስቱ የማንበቡ ተራ የነርሷ ነበር። ቁጥር አንድ መቶ አርባ ሁለት። መስመሩ ኮምፒውተሩ ላይ ይሄዳል፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። ስድስት ቀን ሙሉ የጤነኛ ሰው ልብ ነው። ሰባተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ግን መስመሩ ተኛ።

አንድ ሰከንድ። ሁለት። አራት... ስምንት!

ስምንት ሰከንድ ሙሉ ያ ልብ አልመታም። በስምንተኛውም ቀን ደገመ። ጆሮ አልነበረም! ጆሮው ትንሽ ሲያጠራጥር ሁሉም እዚያው ቆመው፣ ልቡ ግን ተደብቆ ሲያታልላቸው ኖሯል።

ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ተሰምቶት እንደነበር ለማየት ደብተሩን ገለጠች።

«ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ከሩብ። ፊቴን ስታጠብ ጣሪያው ተንገዳገደ። እኔ ሳልሆን ጣሪያው ነው የጠጣው። ከዚያ ወለሉ ላይ ነቃሁ። ወለሉ እርጥብ ጡብ ነው።»

ቁጥሩ የማን እንደሆነ አወቀች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር ነበረች። «ሲስተርን ሰላም በሉልኝ።»

ወደ ሐኪሟ ቢሮ ሮጠች። የሰውየው ስልክ ላይ ደወሉ፤ ዝግ ነው። እናቱ ጋ ደወሉ።

«ዛሬማ ሥራ ገባ!» አሉ እናቱ ደስ ብሏቸው። «ትምህርት ቤት ሊቀባ። እምቢ ብለው ነበር፣ ለምኖ ነው የገባው።»

«መሰላል ላይ?» አለች ነርሷ።

እናቱ «ልጄ፣ ምን አገኛችሁበት?» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

ነርሷ ሐኪሟን አየቻቸው። ሐኪሟ አምቡላንስ ለመጥራት ስልኩን አንስተው ነበር። «ደንብ የወጣው ሰው እንዳይጎዳ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ!»

እናቱ የጠቆሙት ትምህርት ቤት ቅርብ ነበር። በታክሲ ደረሰች። ሰውየውን ያገኘችው በረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ ነው፤ ከመሰላሉ ጫፍ ሆኖ ጣሪያውንና ግድግዳውን የሚለየውን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ ይስባል። ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። ደንግጦ ቢወድቅስ? በጣቶቿ ጫፍ ሄዳ መሰላሉን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

ቁልቁል አያት። ብሩሹ አየር ላይ ቆመ።

«ሲስተር? ፋይሌን መልሰው መሰላሌን ያዙ?»

«ይውረዱ፣ እባክዎ።»

«ይቺን ጠርዝ ልጨርስና።»

«ውረድ!»

ሁለቱም ደነገጡ። «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። እሷም አልመለሰችውም። «ውረድልኝ... በእናትህ ሞት ውረድልኝ።»

ወረደ፣ እርከን በእርከን። እግሩ ወለሉን ሲነካ ነርሷ መሰላሉን ለቀቀች። የተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ አስቀመጠችውና ልቡ ምን እንደሚያደርግ ነገረችው። በጥሞና ሰማት።

«እና ሰካራም አይደለሁም ማለት ነው፤» አለ በመጨረሻ።

«አይደለህም።»

«ወረቀት ላይ ትጽፉልኛላችሁ? ለእናቴ። በየሱቁ እየዞረች ስትምልልኝ ነው የከረመችው...»

ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቀረ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ፣ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ወለሉ ላይ አጋደመችውና ሁለት ጣቶቿን አንገቱ ላይ አደረገች። የለም። የለም። የለም... ከዚያ አንዲት ምት። ቀጥላ ሌላ።

«አለሁ፤» አለ ዓይኑን ሲገልጥ።

«ኑርልኝ» ብላ አለቀሰች። አምቡላንሱ ሲደርስ ቀለም የነካው እጁ እጇ ውስጥ ነበር፤ ማን ማንን እንደያዘ ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር።

በማግስቱ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ደረቱ ቆዳ ሥር፣ ክብሪት ቀፎ የምታህል ፔስሜከር ተቀበረችለት። ሥራዋ አንድ ነው፤ ልቡ ሲዘገይ ቀስቅሳ «ምታ!» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ አልጋው አጠገብ መጡ።

«ምክንያቱ ስለታወቀ ከዛሬ ጀምሮ የጥናታችን ሰው አይደለህም። ለክትትል ወደ ሌላ ክሊኒክ ትሄዳለህ።»

«አመሰግናለሁ ዶክተር።» አንገቱን ደፋ። «ሲስተርንም... አመሰግናለሁ በሉልኝ።»

«እኔ መልእክተኛ አይደለሁም። ራስህ ንገራት» ብለው በሩን ከፍተውት ሄዱ።

ነርሷ በሩ ላይ ቆማለች። ነጭ ጋውኗን አልለበሰችም። ገብታ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች።

«ፋይልህን የመለስኩት ስለጠላሁህ መስሎሃል።»

«ምን ይምሰለኝ?»

«ሐሙስ ሐሙስ ፀጉሬን ሦስት ጊዜ እያበጠርኩ መሥራት ስላቃተኝ ነው። ነገር በሆዴ ይዤ፣ አንተን በኮሪደር እንደማላውቅህ ሳልፍ... እኔ የት ልውደቅ?»

እጁን ዘረጋላት። «እኔ ዘንድ» አላት። «እኔ መውደቅ ለምጃለሁ። አነሳሻለሁ።»

የቀሩት እናቷ ነበሩ።

«ልቡ በባትሪ የሚሠራ ሰው?» አሉ፣ ያጣጠፉትን ልብስ መልሰው እየፈቱ። «ባትሪው ሲያልቅስ?»

«አሥር ዓመት ይቆያል እማዬ። ከዚያ በአዲስ ይቀየራል።»

«አሥር ዓመት?»

«አሥር ዓመት።»

እናቷ ልብሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ጥሏቸው ስለሄደው ባላቸው ቤት ውስጥ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም።

«የአባትሽ ልብ ጤነኛ ነበር፤» አሉ ቀስ ብለው። «ድንጋይ ቢመቱበት የማይሰነጠቅ። ሰባት ዓመት አልቆየልኝም።» ልብሱን አነሱና እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። «ይምጣ። ልየው።»

መጣ። አዩት። በሦስተኛው ጉብኝት «ልጄ» ማለት ጀመሩ። ሁለቱ እናቶች ደግሞ ገና ከሠርጉ በፊት ተዋድደው፣ ሙሽሮቹን ረስተው እርስ በርስ ስልክ ይደዋወሉ ጀመር።

ዛሬ ባልና ሚስቱ በየስድስት ወሩ የልቡን መሣሪያ ለማስመርመር ወደ ክትትል ክሊኒኩ ይሄዳሉ። እሷ ከእሱ ጋር መግባት ትችላለች፤ ሙያዋም ነው፣ ሁሉም ያውቋታል። አትገባም። ኮሪደሩ ውስጥ ቤተሰቦች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከሌሎቹ ሚስቶችና እናቶች መሀል እንደነሱ ልቧ እየፈራ ትቀመጣለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መዝገብ የያዘች ወጣት ነርስ ብቅ ብላ ትጣራለች።

«የቀለም ቀቢው ቤተሰብ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ!» ትላለች፣ ጥያቄው ሳያልቅ ተነሥታ።