ከመቶ ሴል ስልሳው

«እናትሽን ‹እንዳምናው ነው› በያት» አሉ መሪጌታ ባስልዮስ፣ ሚኒባሱ ከደብረ ብርሃን ወጥቶ የመሐል ሜዳን መንገድ ሲይዝ። የሚናገሩት ቀስ ብለው ነው፤ ምላሳቸውን ከግራ ጥርሳቸው እያሸሹ።

ገሊላ ከአባቷ ጎን ተቀምጣለች። ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋለች። የምርመራው ወረቀት ደብተሯ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ስለምታነብ ሆስፒታል የምትከተላቸው እሷ ናት፤ በዚህ ወር ብቻ ከአሥረኛ ክፍል አራት ቀን ቀርታለች።

አምና በአባቷ ምላስ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ሐኪሞቹ ትንሽ ሥጋ ቆርጠው መረመሩና ካንሰር እንዳልሆነ፣ ክትትል ግን እንደሚያስፈልገው ተናገሩ። ከሦስት ሳምንት በፊት እንደገና ቆረጡ። ዛሬ ጠዋት ዶክተር አርሴማ የሁለቱን ሥጋ ፎቶ በኮምፒውተሯ ላይ ጎን ለጎን አሳየቻቸው።

«ይሄ ቡናማው አንድ ፕሮቲን ያለበት ሴል ነው» አለች። «ፕሮቲኑ የሚገኘው ለመራባት በተነሳ ሴል ውስጥ ነው። አምና ከመቶ ሴል አሥራ ሁለቱ ነበሩ፤ አሁን ስልሳ ደርሰዋል። ቅርጻቸውም ተበላሽቷል፣ ወደ ውስጥ መግባት ጀምረዋል። ካንሰር ሆኗል፣ መሪጌታ። ገና ትንሽ ነው፤ በዚህ ወር እንቁረጠው።»

«ከምላሴ ምን ያህሉን?»

«ከጠርዙ ነው። መናገር ይችላሉ። ዜማው እንደ ድሮው ይወጣል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

አባቷ ተነስተው ወጡ።

ሚኒባሱ ውስጥ የገሊላ ስልክ ነዘረ። የክፍል ጓደኛዋ ኮከቤ ናት። «የት ጠፋሽ? ነገ ባዮ ፈተና ነው እኮ። ይሄ የሴል ክፍፍል ምናምን ደብሮኛል።» ገሊላ ሁለቴ አነበበችውና ስልኩን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ላዩን ስታይው ያው ነው» አሉ አባቷ። «ድጓ የጀመሩ ተማሪዎች አሉኝ። ፋሲካን ላሳልፍና እሄዳለሁ። እናትሽ ደግሞ ግፊት አለባት፤ በከንቱ ምን ያስጨንቃታል?»

«ፋሲካ እኮ ሁለት ወር ይቀረዋል፣ አባባ።»

«እሱስ ይቀረዋል።»

ሞላሌ ላይ ሚኒባሱ ቆመና ሰው ሁሉ ለምሳ ወረደ። እነሱ ከመቀመጫቸው አልተነሱም። አባቷ በዝግታ ማዜም ጀመሩ። አንዱ ቦታ ላይ ድምፃቸው ተሰናከለ። ከመነሻው ጀመሩት፤ እዚያው ቦታ ላይ ተሰናከለባቸው፤ ተዉት።

«ምላሱ የተቆረጠ መሪጌታ ምን ሊባል ነው?» አሉ፣ ወደ ውጭ እያዩ።

«አላውቅም።»

ገሊላ ከእንቅልፍ በቀር የሚያምራት ነገር አልነበረም። «እሺ» ብትላቸው እስከ ቤት ድረስ ትተኛለች። አፏ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

«እኔ ስፈራ ለማን ልንገር?»

አባቷ ዞር አሉ።

«እርስዎ ዜማ ቤት ይውላሉ። እኔ ከእማማ ጋር ነኝ። በየቀኑ ፊቴን ታየዋለች።»

ሹፌሩ ተመለሰ፣ ሞተሩ ተነሳ።

መሐል ሜዳ ሲደርሱ እናቷ ወሰንየለሽ ከቤታቸው አጥር በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱንም ስማ ስታበቃ ፊቷን ወደ ገሊላ መለሰች።

«ምን አሉሽ?»

አባቷ ገሊላን አዩአት። አልተቆጡም፤ ደክመው ብቻ ነበር። ገሊላ ደብተሯን ገለጠች፣ ወረቀቱን አወጣችና በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«አባባ ይነግሩሻል» አለች ለእናቷ። «ካቃታቸው እኔ አነብልሻለሁ።»

መሪጌታ ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ካለው መደብ ጫፍ ተቀምጠው ለሚስታቸው ቦታ ለቀቁ።

«ነይ እስቲ፣ ወሰንየለሽ።»

ገሊላ ወደ ቤት አልገባችም። ከጠሯት በምትሰማበት ርቀት ላይ ቆመች።