የጾም ክራንቤሪ

ዘመድኩን የሞተው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ ቱክዊላ በምትባል ከተማ በሚገኘው ቤቱ ኪችን ወለል ላይ ነው። ከንፈሩ አብጧል፤ አገጩ ላይ በበርበሬ የተሠራ ክራንቤሪ፣ ያ ኮምጣጣ ቀይ ፍሬ፣ ደርቋል። ለውዝ ከቀመሰ ጉሮሮው የሚዘጋ ሰው ነበር፤ ሳህኑ ውስጥም ለውዝ ተገኘ። ዓርብ ጠዋት መርማሪ ነጂባ ተጠርታ ስትደርስ፣ ፖሊሶቹ ጉዳዩን ጨርሰነዋል ባዮች ነበሩ።

የጠረጠሩት ሳቢሪንን ነው፤ ቤዝመንቱን፣ የቤቱን ምድር ቤት፣ ተከራይታ ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር የምትኖር፣ ኤርፖርት ምግብ የምታበስል ሴት። ለታንክስጊቪንግ፣ ለምስጋና በዓሉ፣ የቀረበው ክራንቤሪ የእጇ ሥራ ነው። አልጋዋ ሥር የለውዝ ቅቤ ጠርሙስ ተገኝቷል። ሟቹም ቤቱን እንድትለቅ ነግሯት ነበር። እሷ ከታሰረች ልጅቷን የሚረከብ ዘመድ የለም።

ነጂባ ምን ምን እንደሠራች ጠየቀቻት።

«ሁለት ዓይነት። አንዱ በስኳርና በብርቱካን፣ ከቱርኪው ዶሮ ጋር የሚበላ። ሌላው በሽንኩርት፣ በዘይትና በበርበሬ፣ ለጋሽ ዘመድኩን የጾም። ጠዋት በትኩሱ ገልብጬ፣ ልጄን ሞግዚቷ ጋ አድርሼ ወደ ሺፍቴ ሄድኩ።»

ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

የሟቹ ሚስት እናኑ ሐሙስ ታኮማ ሆስፒታል ሥራ ላይ ነበረች። የግድግዳውን ሰዓት እያየች መለሰች፤ አላለቀሰችም። ከጎረቤት ከተማ ከቡሪየን ለምሳ መጥቶ ወንድሙን ወድቆ ያገኘው መልከጸዴቅ ግን ሳይጠየቅ ያወራል፣ በተለይ ስለ ሳቢሪን። ከአገር ቤት ከመጡ ሦስት ሳምንት የሆናቸው የሁለቱ ወንድማማቾች እናት፣ እማማ አገሬ፣ ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም እንደ ሟቹ ይጾማሉ።

«እሳቸውን እባክሽ ተዪያቸው» አላት መልከጸዴቅ። «የገደለው ልቡ ነው ብለናቸዋል። ፖሊሶቹም ቢጠይቋቸው እንግሊዝኛ አይሰሙም።»

ነጂባ ፖሊሶቹ ናሙና ወስደው የተዉትን የጾም ክራንቤሪ በማንኪያ ነካካች፤ ጣፋጩንም እንዲሁ። ከዚያ መደርደሪያውን አየች። የላም ቅቤው ዕቃ በፌስታል ታስሮ ወደ ጥግ ተገፍቷል፤ በቦታው ክብ የዘይት ምልክት ቀርቷል። አልጋ ሥር የተገኘውን ጠርሙስ አስመጥታ ለካችው። ልክ ገጠመ።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበች። መልከጸዴቅ እናቱ ይውጡ ብሎ ቢለምን አልሰማችውም።

«ክራንቤሪ ሲፈላ ይፈነዳል፣ ሲበርድ ይረጋል» አለች። «የረጋውን ካማሰሉት ግን ተመልሶ አይረጋም። ጣፋጩ እንደረጋ ነው። የጾሙ ዳር ዳሩ ረግቷል፣ መሃሉ ተበጥብጧል፤ ለውዙም ያለው መሃሉ ላይ ብቻ ነው። ሳቢሪን በትኩሱ ጨምራው ቢሆን እኩል ይዋሐድ ነበር። የገባው ከበረደ በኋላ፣ እሷ ሺፍት ላይ ሳለች ነው።»

«ማንም ሊያደርገው ይችላላ» አለ መልከጸዴቅ።

«ሊገድል ያሰበ ሰው ጠርሙሱን ይደብቃል። ይኼኛው ግን ቅቤው ቦታ ላይ በግልጽ አስቀመጠው። እኔ ወሎ ነው ያደግኩት፤ ጎረቤቶቻችን ይጾሙ ነበር። ቅቤውን አርቆ የሚያስር፣ በምትኩ ለውዝ የሚጨምር ጿሚ ነው። በዚህ ቤት የሚጾሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሞቷል።»

እናኑ ዓይኗን ከሰዓቱ ላይ አነሳች። ነጂባ ወደ መልከጸዴቅ ዞረች።

«ጠርሙሱን አንስተህ ሳቢሪን አልጋ ሥር የከተትከው አንተ ነህ። እናኑና ሳቢሪን ሳይመለሱ፣ ቆሞ የሚሄድ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ እማማ ከሬሳው አጠገብ አልተነሱም። ገና ገብተህ ጠርሙሱን ስታይ ማን እንደጨመረው ገብቶሃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

መልከጸዴቅ አቀረቀረ። የራሱን እናት ሊያድን ሲል የሌላ ልጅ እናት ሊያሳስር ነበር።

ነጂባ ወንበር ስባ ሶፋው ጥግ ተቀመጠች። እማማ አገሬን እስካሁን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ሟቹ ልጃቸውም ለውዝ እንደሚጎዳው ደብቋቸው ኖሯል፤ ሩቅ ላለች እናት ሕመም አይነገርም፣ ትሰጋለች ተብሎ።

ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ከአገር ቤት ያመጣሁትን ለውዝ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ቅቤ የለውም ብዬ አዘንኩለት። ሁለት ማንኪያ ነው። ጾም ገና ስላልፈታሁ አልቀመስኩትም። ይጎዳው ነበር እንዴ?»

ሳቢሪን ተነስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሲበላ ደስ ብሎት ነበር» አሉ እማማ አገሬ። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፣ አለኝ።»

ቀኝ እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ነጠላቸው ሥር ከተቱት።