የስምንተኛው ቀን ዕረፍት

እናቷ ከሞተች በኋላ ልጅቷ ለሁሉም ነገር «እሺ» ማለት ጀመረች።

የተማሪዎች ደንብ ልብስ በሚሰፋበት አዳራሽ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛዋ መኪና ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ትሰፋለች። አለቃዋ «ዛሬ አንድ ሰዓት ትጨምሪያለሽ» ሲላት እሺ። ጎረቤቷ «ይህን ጥቁር ልብስ አውልቂው፣ ይበቃል» ስትላት እሺ። አክስቷ ደግሞ «ሚስቱ የሞተችበት፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ጨዋ ሰው አለ፤ ከሁለት ወር በኋላ ሰርግ ይሁን» ስትላት ያንንም እሺ አለች። አልከፋትም፣ ደስም አላላትም። ቀብሩ ላይ ዓይኗ ደርቆ ያዩ ሴቶች «ድንጋይ ናት» ብለው አምተዋት ነበር። ሐሜቱ ጆሮዋ ሲደርስ፣ እውነታቸውን ነው ብላ አለፈችው።

አንድ ነገር ብቻ ከራሷ አመጣች። ስድስት ዓመቷ ሳለ ታማ አልጋ ስትይዝ እናቷ «ልጄን ማርልኝ እንጂ ገዳምህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ልጅቷ ዳነች። ስለቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ሃያ ዓመት አለፈው፤ እናትም ሳትሄድ ቀረች።

«ከሰርጉ በፊት የእማዬን ስለት አደርሳለሁ» አለቻት አክስቷን።

አክስቷ ፊቷን ብታጠቁርም «ከስለት ጋር አልጣላም» አለች። «ብቻ ከስተሽ እንዳትመጪ፤ ቀሚሱ ተለክቷል።»

የገዳሙን መንገድ እንደ መዳፉ የሚያውቅ ሰው መንገዶች መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አለ ተባለች። ሥራው መንገድ መለካት ስለሆነ ባልደረቦቹ «ሜትር» ይሉታል። በምሳ ሰዓቱ፣ ለጠየቀው ተጓዥ ሁሉ፣ በየቀኑ ስንት ኪሎሜትር እንደሚሄድና የት እንደሚያድር ያወጣለታል። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ጣቶቹ በእርሳስ የጠቆሩ ሰው ነው።

«ሥራሽ ቆሞ ነው ተቀምጦ?»

«ተቀምጦ። እጅጌ ነው የምሰፋው።»

ጎንበስ ብሎ ጫማዋን አየ። «ይሄ ከሁለተኛው ቀን አያልፍም። ሌላ ግዢ፤ ግን አዲስ ጫማ ክፉ ነው፣ ይልጣል። ሦስት ሳምንት ሥራ ቦታ አድርጊውና ይለስልስ።»

«እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ።»

«አንተ በይኝ። እርስዎ ስትዪኝ አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።»

«እሺ።»

ቀና ብሎ አያት። አልሳቀችም። እሱም ቀልዱን አልደገመውም።

መንገዱ ሁለት መቶ ስልሳ አራት ኪሎሜትር ነው። የመጀመሪያውን ቀን አሥራ አራት ብቻ አደረገላት፤ «ሰው መጀመሪያ ቀን ጉልበቱን አያውቀውም፣ ይሮጣል።» ሁለተኛው ቀን ረዘም አለ፤ ከማደሪያው በፊት ውኃ የለም። አምስተኛው ዳገት ስለሆነ በጠዋት መነሳት አለባት። ሥራው በአንድ ምሳ ሰዓት ያልቅ ነበር። ግን ሦስት ሳምንት ፈጀ። በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፣ ጫማው እንዴት እንደሆነ ይጠይቃታል፣ ካርታው ላይ ጎንበስ ይላሉ።

ስለ እናቷ አሟሟት የጎደለ ክር እንደሚቆጥር ሰው በደረቁ ነገረችው። «አይዞሽ» አላላትም። እስክትጨርስ ሰማት። እሱም ስለ አባቱ ነገራት፤ አእምሯቸው እየረሳ አንዱን ነገር በቀን አሥር ጊዜ ይጠይቃሉ፣ ጥሎአቸው አይወጣም፤ ስለዚህ ያን መንገድ በክፍል በክፍሉ ለካው እንጂ እንደ ተጓዥ ሄዶበት አያውቅም። ደስ አላት ማለት አይቻልም። ግን ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመረች።

አንድ ቀን «ስመለስ አገባለሁ» አለችው።

«ትወጂዋለሽ?»

«አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጨዋ ነው።»

እርሳሱን አስቀመጠ። መልሶ አነሳውና ከስምንተኛው ቀን ትይዩ «ዕረፍት» ብሎ ጻፈ።

«ለምን?»

«እግር ያርፋል።»

«እሺ» አለች።

መንገዱን ጀመረች። ማታ ማታ ካደረችበት ሆና ትደውልለታለች። ስንት ሰዓት እንደፈጀባት ትነግረዋለች፤ ከጀርባ አባትየው «ማነው?» ይላሉ፤ «ተጓዧ ናት፣ አባዬ» ይላል፤ ደቂቃ ሳይቆይ ደግመው «ማነው?» ይላሉ።

በአራተኛው ቀን ተረከዟ ውኃ ቋጠረ።

«ያምሻል?»

«ማመም ያለበት ይመስለኛል» አለችው።

በሰባተኛው ቀን ማታ ዕረፍት ከተጻፈባት ትንሽ ከተማ ደርሳ የእንግዳ ማረፊያ ያዘች። ጠዋት ነቅታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ንጹሕ ክፍል ነው፤ ወንበር አለ፣ መስኮት አለ። እዚህ እስከ ማታ መቀመጥ እንዳለባት ስታስብ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተቆጣ። ተነሥታ ጫማዋን አሰረች።

የማረፊያው ባለቤት በር ላይ አገኘቻት። «ዛሬ ታርፊያለሽ አላልሽም ነበር፣ የኔ ልጅ?»

«ነበር። አልፈልግም።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷን ገረማት። ሄደች።

የዚያን ቀን መንገድ መኪና የማይገባበት፣ ስልክም የማይሠራበት ሸለቆ ነው። አመሻሹ ላይ ከማዶው መንደር ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። የማረፊያዋ ባለቤት ናት።

«አንድ ሰው መጥቶ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ አንቺን ጠየቀ። ሄዳለች ስለው በእግሩ ተከተለሽ። ሳይደርስብሽ ቀርቶ፣ ለመመለሻው አውቶቡስ ሲሮጥ መጣ። የከተማ ጫማ አድርጎ፣ የኔ ልጅ፣ እግሩ ደምቶ ነበር!»

ቆማ ቀረች። ያን ጊዜ ተረከዟ አመማት። ስምንት ቀን ሙሉ የተጠራቀመው ሕመም ባንድ ጊዜ መጣና ድንጋይ ላይ አስቀመጣት።

ደወለችለት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እህቴ አባቴን ልትይዝልኝ የቻለችው ለአንድ ቀን ነው» አለ። «ያቺን ቀን አንቺ ዘንድ ላድርጋት አልኩ። እመጣለሁ ብልሽ እሺ ትዪኝ ነበር። እሺሽን ደግሞ አላምነውም። ለመለዋወጫው ሰውዬም እሺ ብለሻል።»

«መጥተህ ስታጣኝስ?»

«መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ ሳስበው ደስ አለኝ። ዕረፍቱን እምቢ ብለሽ ሄድሽ ማለት ነው።»

ስልኩን አልዘጉትም። «ማነው?» አሉ አባትየው። በዚህ ጊዜ «ተጓዧ ናት» አላለም። ስሟን ነገራቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ለአክስቷ ደውላ ሰርጉ እንደማይሆን ነገረቻት። «ፀሐይ መትቶሻል!» አለች አክስቷ። «ሰው ምን ይለኛል?» «ይቅርታ አድርጊልኝ አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም። ለሰውየውም ራሷ ደወለችለት። እሱ ከአክስቷ ይልቅ ቶሎ ገባው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገዳሙ ደረሰች። በሩ ላይ የእናቷን ስም ጠራች። እንባ አልመጣም። ስትመለስ ግን አውቶቡሱ ሸለቆውን ዞሮ አሥራ ሁለት ቀን የሄደችበትን አገር በአምስት ሰዓት ሲያልፈው፣ ድልድዩም ዳገቱም በመስኮቱ እየሮጠ ሲቀር፣ እናቷ አንድም ቀን ይህን አለማየቷ ትዝ አላትና አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ እስከ መናኸሪያ ድረስ እጇን ይዘው አልለቀቁም። መናኸሪያው ውስጥ ሜትር ቆሟል፣ አባቱን በክንዱ ደግፎ።

ዓመት ከአራት ወር ቆይተው ተጋቡ። አክስቷ ያን ሁሉ ጊዜ አኩርፋ ከረመች። በሰርጉ ቀን አርፍዳ መጣችና ፊቷን አጥቁራ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሰው ያስቀመጣት ከሙሽራው አባት ጎን ነበር።

«አንቺ የማን ነሽ?» አሏት ሽማግሌው።

«የሙሽራዋ አክስት።»

«እንዴ! እንኳን ደስ አለሽ!» ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጥቂት ቆይተው ዞሩና «አንቺ የማን ነሽ?» አሏት። ነገረቻቸው። እንደ አዲስ በደስታ ፊታቸው በራ። «እንኳን ደስ አለሽ!»

እንዲህ ሲሉ ሲሉ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። በመጨረሻ አክስቷ ሳቋ አመለጣት። መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠረገችና «እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ አባቴ» አለች።