ለጊዜው ደህና ይበል

ትርሲት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሯን ስባ ስትቀመጥ፣ እንደ ወትሮው ሥራዋን የጀመረችው በመነጫነጭ ነው። መሥሪያ ቤቷ የኦክስጅን ማሽን ያመርታል፤ የእሷ ድርሻ ማሽኑን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ከእሷ በፊት ሰባት ሰዎች ኮዱን እየተቀባበሉ ጽፈውታል፤ ስህተት ሲያጋጥም አንዱ ማሽኑን ያቆማል፣ ሌላው ማንቂያ ያስጮሃል፣ አንዱ ደግሞ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

«ስህተት እንኳ እንደየሰዉ አመል ይሆናል?» አለች ምርር ብሏት።

ሁሉንም እየነቀለች አንድ ቦታ ሰበሰበችው። ከእንግዲህ ማንኛውም ስህተት ወደዚያ ይሄዳል፤ ያልተሳካው ነገርም ሦስት ጊዜ ይሞከራል።

አጠገቧ የሚሠራው ደምሰው አንገቱን አስግጎ አየ። «ሦስቱም ባይሳካስ?»

«ለጊዜው ደህና ይበል። ከምሳ በኋላ አስተካክለዋለሁ።»

አዲሱን ኮድ ለሙከራ የላከችው ወደ አንድ ማሽን ብቻ ነው፤ ኮተቤ፣ አባቷ አቶ ውብሸት ቱቦውን አፍንጫቸው ላይ ሰክተው ወደሚውሉበት። ያለዚያ ማሽን አንድ ሰዓት አይቆዩም፤ ማሽኑ ግን በትንሽ ትልቁ እየጮኸ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። ስክሪኗ ላይ የነበረው ቀይ ሁሉ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ።

አምስት ሰዓት ላይ ደወለች። «ደህና ነኝ ልጄ» አሉ፤ ሁለት ጊዜ አሳሉ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ «አባዬ፣ ምሳ በላህ?» አለች።

«ደህና ነኝ ልጄ።» ሁለት ሳል፣ ያው ድካም፣ በመሃላቸው ያው ዝምታ፤ ከኋላቸው ግን ያ ቀን ከሌት እንደ ድስት የሚንተከተከው የማሽኑ ድምፅ አልነበረም።

የድሮውን ኮድ መልሳ ላከች፤ ስክሪኑ ደህና አለ፣ ኮዱ ግን አልሄደም። ደግማ ላከች፤ ደህና። በሦስተኛው ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ታክሲ ውስጥም በገዛ ስንፍናዋ እየተናደደች ጥፍሯን ስትበላ ደረሰች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ በሩን ስትከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበላት። መጋረጃው ከጠዋት ጀምሮ አልተገለጠም፤ በጨለማው ውስጥ የማሽኑ አረንጓዴ መብራት ብቻ ትበራለች፤ ማሽኑ ራሱ ግን ትንፍሽ አይልም። አባቷ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። እጃቸውን ስትይዘው ቀዝቅዟል፤ ጣቶቻቸው ደርቀው አልታጠፍ አሉ። ስልካቸው ጭናቸው ላይ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል።

ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ከደጅ አንኳኩ። «ትርሲትዬ፣ ገባሽ እንዴ? አባትሽ እንዴት ዋሉ?»

ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ደግማ ሞከረች። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፤ ከዚያ ጉሮሮዋ በራሱ ተከፈተና በአባቷ ድምፅ፣ በዚያው ድካም፣ «ደህና ነኝ ልጄ» አለች፤ ሁለት ጊዜም አሳለች።