ሳይንስ ወይስ ሞያ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል፤ መምህር በየነም ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙባት በካርቱም ውሃ ጠምቷቸው ሞቱ።

ጥጋቡ ሲጠራ ፖሊሶቹ የመምህሩን ተማሪ ወለላን ይዘዋት ነበር። በአገሩ መርማሪ ፖሊስ ነበር፤ ዛሬ ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሻይ ይሸጣል፤ የሐበሻ ጣጣ ሲመጣ ግን የሚፈለገው እሱ ነው። የሱዳን አብዮት መንገዱን ሁሉ በድንጋይ ስላጠረው ሐኪምም ጠበቃም አይገኝም። ልጅቷ ከእሱ በቀር ሰው አልነበራትም።

መምህሩ ወባ ይዟቸው ክፍላቸው ተኝተው ነበር። ተማሪዎቻቸው ወለላ፣ ግሩምና ናሆም ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ማታ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ፣ እሳቸው ከበሩ ሥር ወድቀው ተገኙ። ቁልፉ ያለው ወለላ ዘንድ ነው።

«ምን ትሠሩ ነበር?» አለ ጥጋቡ።

«እኔና ወለላ ስንከራከር ነበር፣» አለ ግሩም። «የዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥናት ሳይንስ ነው ወይስ ሞያ ብለን። መምህር ሞያ ነው ባይ ናቸው። ‹ባለሞያ በአንድ መሣሪያ ብቻ አይሠራም፤ ቁጥሩንም ቁጠሩ፣ ሰዉንም ጠይቁ፣ ቃሉንም መርምሩ› ይሉናል። ከውስጥ ‹ሞያ! ሞያ!› ሲሉ፣ ታመውም አልለቀቁንም ብለን ሳቅን።»

«መጨረሻ የገባ ማን ነው?»

«ናሆም። ስደተኞችን አነጋገርኩ ብሎ የጻፈው ፈጠራ ሆኖ ስላገኙት ከትምህርት ሊያሳግዱት ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ገብቶ ወጣ።»

ናሆም ካርቱም የተወለደ ነው፤ አማርኛው እምብዛም ነው።

«እኔም ክርክር መሰለኝ፣» አለ።

«አንተስ፣ ሞያ አለህ?» አለው ጥጋቡ።

ናሆም ተነሥቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጣለት። ጥጋቡ ጠጥቶ አመሰገነ።

ከዚያ ሱዳናዊው የፖሊስ መኮንን ባለበት ሁሉንም ሰብስቦ በአረብኛ አስረዳ።

«ጓጉንቸር ለመክፈት እንጂ ለመቆለፍ ቁልፍ አይሻም፤ ስለዚህ ወለላን የሚያስጠረጥር ነገር የለም። መታገድን የሚፈራው ናሆም ነው፤ መጨረሻ የወጣውም እሱ። ቀሪው ቃሉ ነው። ‹ሞያ› በእናንተ ውሃ፣ በእኛ ጥበብ ማለት ነው። መምህሩ የቆለፈባቸውን ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ለመኑት። እነዚህ ሁለቱ ጥበብ ሰሙ። ናሆም ግን የሚያውቀው የእናንተን ነው። ቆልፎባቸው፣ ውሃ ሲለምኑ እየሰማ ዝም አለ።»

ናሆም አቀረቀረ። መኮንኑ ግን ወደ ወለላ ዞረ።

«ሰምተሻል?»

«አዎ።»

«ምን አሉ?»

«ሞያ።»

«ሰጠሻቸው?»

«እኔ እኮ...»

«ወላሂ፣ ሞያ ውሃ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል! ያላ፣ ሦስታችሁም መኪናው ላይ!»

ጥጋቡ ከመኪናው ጎን እየሮጠ ያንኑ ደጋግሞ አስረዳ፤ የሚሰማው አላገኘም።

«ይተዉት፣ ጋሽ ጥጋቡ፣» አለች ወለላ። «ሰምቻለሁ እኮ።»