ያልታጠፈው ማረጋገጫ

የግብር አማካሪው ሬሳ የተገኘው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከቢሮው ደረጃ ግርጌ ነው። አንገቱ ተሰብሯል፤ የማንበቢያ መነጽሩ ከአንድ ጆሮው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ሰውዬው ሽማግሌ፣ ደረጃውም ቀጥ ያለ ስለሆነ አዳልጦት ነው ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ነበር። መርማሪዋ ግን ዓይኗን ከመነጽሩ ላይ አልነቀለችም። በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው፤ ሊያሞግሳት ይሁን ተማርሮባት እስካሁን አልለየለትም።

«ጋሼ መነጽራቸውን ሳይቀይሩ ደረጃ አይወርዱም» አለች ጸሐፊዋ እንባዋን እየጠረገች። «አምና ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በማንበቢያው አንድ እርምጃ አይራመዱም።»

እንግዲያው ሰውዬው ሲወድቅ እየወረደ አልነበረም፤ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆሞ እያነበበ ነበር። የሚያነበው ወረቀት ግን የለም። መርፌ ፎቅ ወጥታ ቅርጫቱን ስትፈትሽ የውጭ አገር ቴምብር ያለበት፣ የዚያን ዕለት ጠዋት የደረሰ ፖስታ አገኘች። ተቀዷል፣ ባዶ ነው።

በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ጸሐፊዋ ብቻዬን መዝገብ ክፍል ነበርኩ አለች። የአማካሪው ደንበኛ የሆነ ፋርማሲስት በር ላይ ስልክ እያወራሁ ነበር አለ። ሦስተኛዋ ደግሞ የፋርማሲውን ቤት ያከራየው ሰው እህት ናት፤ እሷም የመውደቁን ድምፅ ስሰማ ገና ከበሩ እየገባሁ ነበር አለች። ፋርማሲስቱና እህትየው ሁለቱም በር ላይ ነበርን ይላሉ፤ አንዳቸውም ግን ሌላውን አላዩም።

ፖስታው የመጣበትን ምክንያት ያስረዳቻት ጸሐፊዋ ናት። አከራዩ የሚኖረው ባሕር ማዶ ነው። ሁለቱ አገሮች የተደራራቢ ግብር ማስቀረት ስምምነት ስላላቸው፣ እዚያ ግብር ከፋይ መሆኑን የሚገልጽ የነዋሪነት ማረጋገጫ በየዓመቱ ካቀረበ ፋርማሲስቱ ከኪራዩ ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር ዝቅ ይላል። ማረጋገጫው ካልመጣ ሙሉው ይቀነሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ወረቀቱ እስከመጣ ድረስ አከራዩ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መርፌ ፋይሉን ገለጠች። የአምስት ዓመት አምስት ማረጋገጫ አለበት። ሦስቱ ፖስታ ውስጥ እንዲገቡ ሦስት ቦታ የታጠፉ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ልሙጥ፣ አንድም መታጠፊያ የሌላቸው ናቸው።

«እነዚህን ፖስተኛ አይደለም ያመጣቸው» አለች።

«እህቱ ናት በእጇ ያመጣችው። ጋሼ ደስ አላላቸውም፤ ባለፈው ወር ራሳቸው ለዚያ አገር ግብር ቢሮ ጻፉ።»

ከሰዓት በኋላ መርፌ ወደ አከራዩ እናት ቤት ሄደች። እህትየው አልነበረችም። እናትየው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የልብ መድኃኒታቸው የመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድሯል። ልጃቸው በየእሑዱ እንደሚጽፍላቸው፣ ዓይናቸው ስለደከመ ሴት ልጃቸው እንደምታነብላቸው ነገሯት። ድምፁን ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ልጄ። ሥራ በዝቶበታል።»

መርፌ ተሰናብታ ወጣችና መንገዱ ዳር ቆመች። ሁለት ዓመት ድምፁ አልተሰማም፣ የሁለት ዓመት ማረጋገጫውም በፖስታ አልመጣም፤ ልጁ ሞቷል። የአማካሪውን ገዳይ ለመያዝ ይህን ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልጋል፤ ሲነገር ደግሞ እኚህ አሮጊት ይሰሙታል። በሥራ ዘመኗ ትክክል መሆን እንደዚያን ቀን አስጠልቷት አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም አማካሪው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። እናትየውም ሴት ልጃቸውን ተደግፈው መጡ። መርፌ ሌላ ክፍል እንዲያርፉ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን የልጄ ወረቀት ጉዳይ ከሆነ እኔም ልስማ ብለው ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

መርፌ ከመነጽሩ ተነሥታ ባዶው ፖስታ ጋ ደረሰች። ከዚያ አማካሪው በሞተበት ዕለት ፋርማሲስቱ የተቀበለውን የተቀናሽ ግብር ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ማኅተሙ ግማሽ ድረስ ጥርት ብሎ፣ ከዚያ ተንሸራቶ ወረቀቱን አቆሽሾታል።

«ይህን ስትመቺ ነው አማካሪው የወደቀው» አለቻት ጸሐፊዋን። «ደንግጠሽ እጅሽ ሄደ። ደረሰኙን የሚጠብቀውም ፊትሽ ቆሞ ነበር። ማኅተሙን ከአማካሪው በቀር ማንም እንዳይነካ ስለተከለከለ ብቻዬን ነበርኩ አልሽ። እሱም አንቺን ላለማስወቀስ ብሎ በር ላይ ነበርኩ አለ።»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። ፋርማሲስቱ ቸኩሎ ያስቸገራት እሱ እንጂ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ አጉረመረመ። መርፌ አልወቀሰችውም። በዚያች ደቂቃ ሁለቱ አንድ ማኅተም ላይ ከነበሩ፣ ፎቅ ልትወጣ የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ያልታጠፉትን ማረጋገጫዎች ያመጣችውም እሷው ናት።

«ቀጥሎ ያለው ደብዳቤው ምን ይላል የሚለው ነው» አለች መርፌ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እህትየው ብድግ አለች። «እኔ ነኝ። ልቀማው ብዬ ያዝኩት፣ አልለቅ አለ። ወረቀቱ እጄ ላይ ሲቀር እሱ ወደ ኋላ ሄደ። ልገድለው አላሰብኩም። ሌላውን ተዪው፤ እባክሽ እህቴ፣ እዚህ ላይ ይብቃ።»

ፋርማሲስቱና ጸሐፊዋ ገብቷቸዋል፤ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። መርፌ ዝም ብትል ደስ ባላት ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ከታሰረች እሑድ መጥቶ የሚያነብላቸው የለም፤ ዝምታው ለስንት ቀን ይበቃል? ወንበሯን ስባ እናትየው አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ልጅዎ...»

«ተዪ፣ አትድከሚ» አሏት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ወንድምሽ እንደሞተ ካወቅሁ ቆየሁ። እሱ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደግ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። ለሦስት መስመር እንኳ ይሰንፍ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«ለኔ ብለሽ እንዲያ ስትለፊ እያየሁ ምን ብዬ? መጽናኛሽ ያን መጻፍ ብቻ መሰለኝ። ዝም ካልኩ ትበረታለች አልኩ።»

አማካሪው የሞተው ከማንም ላልተሰወረ ምስጢር ነው። እህትየው እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች፤ እናትና ልጅ ባሕር ማዶ ለቀረው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው አለቀሱ። ሊወስዳት የመጣው ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ጠበቃቸው።